ሦስት ሌሊት ጅቡቲ ከእናቴ ጋር፦ በባቡር ወይስ በአውሮፕላን?

የባቡረኛው የልጅ ልጅ (ታኅሣሥ 14)

ሰላም ቤተሰብ። ከጥምቀት በኋላ እናቴን ይዤ ጅቡቲ ልሄድ ነው። ሦስት ሌሊት ብቻ። ከዚያ በላይ ፈቃድም ገንዘብም የለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ 66 ዓመቷ ነው። ያደገችው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አባቷ ሽምን ደፈር (የባቡሩ ድርጅት) ይሠራ ነበር። ከጅቡቲ በተመለሰ ቁጥር ቴምር፣ ሳሙና፣ አንዳንዴም ሽቶ ያመጣላት ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን ድንበር ተሻግራ አታውቅም። ባሕርም አይታ አታውቅም። (ሐዋሳ ያየሁት ባሕር ነው ብላ ትከራከረኛለች፣ እሱን ተዉት።) ዘንድሮ ቡና ላይ "አባቴ የሚደርስበትን ጣቢያ ሳላየው ልሞት ነው?" አለች። በቃ፣ ያን ቀን ተወሰነ።

የምጠይቃችሁ፦ በባቡር ይሻላል ወይስ በአውሮፕላን? ሦስቱን ቀን እንዴት እናብቃቃው? ጉልበቷን ያማታል፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። አሳል ሐይቅ ይከብዳታል? የእኔ ፈረንሳይኛ ከ"ቦንዡር" አያልፍም።

ነፋሻማው

ይቅርታ አድርጊልኝና ጅቡቲ ምን አለ? ኮንቴይነርና ሙቀት። ሆቴሉ ደግሞ እሳት ነው። ያንን ገንዘብ ጨምረሽ ዛንዚባር ውሰጃቸው።

ተሳቢ ሹፌር

ነፋሻማው፣ ጅቡቲን በኮንቴይነር የማውቃት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም። 12 ዓመት ሙሉ በጋላፊ ድንበር በኩል ተመላልሻለሁ። ከተማዋን ግን አላውቃትም ነበር። ወደብ፣ ፔካ ዱዝ (የከባድ መኪና ማቆሚያው ሰፈር)፣ መኪናው ሥር ፍራሽ፣ ጭነት፣ መመለስ። አንዴ ጭነት ዘግይቶብን አራት ቀን ቆምን። አንድ ጓደኛዬ ማታ ላይ ባሕሩ ዳር ወሰደኝ። ሰው ልጁን ይዞ ይንሸራሸራል። ሻይ ይጠጣል። ከሩቅ የመርከቦቹ መብራት ይታያል። ያን ጊዜ ከሰባት ዓመት በላይ ተመላልሼ ነበር፣ እግሬን ውሃ ውስጥ ከትቼ ግን አላውቅም። አፈርኩ።

እህቴ፣ ምክሬ አጭር ነው። ቀላል ነው የሚልሽ ሰው ቢኖርም በመኪና መንገድ አትሞክሪው። ቆላው ለእናትሽ አይሆንም። ባቡር ወይ አውሮፕላን። ወሩንስ ጥሩ መርጠሻል። ጥር ላይ ቀኑ 29 እና 30 ዲግሪ ግድም ነው፣ ይቻላል። ሐምሌ ላይ ግን ከ40 ያልፋል። ካምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ፊትሽን በምድጃ በር ላይ እንደማስጠጋት ነው።

ድሬ ልጅ ነኝ

ከዚራ ካሉማ የእኛው ናቸው!

በባቡር ይሁን፣ ጥያቄ የለውም። አባታቸው የሄዱበትን አቅጣጫ ከላይ ሆነው በደመና ቢያልፉት ምን ትርጉም አለው? አሮጌው መስመር ግን አይደለም፣ እሱን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የእነ አያትሽ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ገባ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ድሬዳዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት፤ ሐዲዱ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ስላቃተው ከታች ከተማ ተቆረቆረ። አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ ሰው ማመላለስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ነው። ከ750 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል።

አሁን ወደ ሥራው፦

አንደኛ፣ ባቡሩ በየቀኑ አይሄድም። የጉዞ ቀናችሁን ሳትወስኑ በፊት ፕሮግራሙን ጠይቁ። ሆቴል ይዞ ባቡር መፈለግ ሳይሆን ባቡር ይዞ ሆቴል መፈለግ ነው።

ሁለተኛ፣ ከአዲስ አበባው ፉሪ ለቡ ጣቢያ እስከ ጅቡቲው ነጋድ ጣቢያ አንድ ሙሉ ቀን ነው። ግመል ሐዲዱ ላይ ከገባ ደግሞ ይጨምራል። ለጉልበታቸው ስትይ ድሬ ላይ ቁረጡት። ዘመድ አይጠፋም መቼም። አንድ ሌሊት አድራችሁ በሚቀጥለው ባቡር ነጋድ ግቡ። ከድሬ ወዲያ ያለው ያን ያህል አይደለም፣ በአዲጋላና በደወሌ አድርጎ አሊ ሳቢህ ነው።

ሦስተኛ፣ የመኝታ ፉርጎ ከያዛችሁ አልጋው ሦስት ደርብ ነው። የታችኛውን ያዢላቸው። የላይኛው ለወጣት ነው።

አራተኛ፣ ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አትሳቂ! ስንቱ ሰው ባቡር አምልጦታል።

የባቡረኛው የልጅ ልጅ

ድሬ ላይ ማደሩ ልቤን ነካው። አክስቴም አለች። ስትመለስ ግን በአውሮፕላን ላድርጋት መሰለኝ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው ይላሉ።

ሰባት ቁጥር

እኔ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ነው የምኖረው፣ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በሰፈሬ ጠሩኝ እንጂ ሚስጥር የለውም፤ ካርቲዬ ሰባት ነኝ። እዚህ ሰፈሩ በቁጥር ነው፣ ካርቲዬ አንድ፣ ካርቲዬ ሁለት እያለ ይቀጥላል።

እህቴ፣ እንግዳ ሲመጣብኝ ሁልጊዜ የምለውን ልንገርሽ። እዚህ ቀኑን የሚከፍለው ሰዓት አይደለም፣ ሙቀቱና ጫቱ ናቸው። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከተማው ይሯሯጣል። ዳቦ ቤቱ ሞቅ ያለ ባጌት ያወጣል፣ ገበያው ይሞላል፣ ቢሮ ክፍት ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ግድም ጫቱ ከእኛው አገር ይደርሳል። ጥሩምባ፣ ሩጫ፣ ግርግር። ከዚያ ጸጥ። መዝጊያ ሁሉ ይዘጋል። አሥር ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ መንገድ ላይ ድመትና የውጭ አገር ሰው ብቻ ነው የምታዪው። ማታ እንደገና ሌላ ከተማ ይነሳል። እንግዶቼ በሙሉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በ8 ሰዓት ፀሐይ "ከተማ እንይ" ብለው ይወጣሉ፣ የተዘጋ በር አይተው ይመለሳሉ፣ ከዚያ ጅቡቲ ምንም የላትም ብለው ይጽፋሉ። (ነፋሻማው፣ አንተን አላልኩም። ብዬም ይሆናል።)

ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ውጡ። ጠዋት በማለዳ፣ ከዚያ ከአሥር ሰዓት በኋላ። መሀሉን እናትሽ ይተኙ፣ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ያዢ። ሆቴል ላይ መቆጠብ የምትችይው ብዙ ነገር አለ፣ ማቀዝቀዣው ላይ ግን አትቆጥቢ። ዋጋው ውድ ነው፣ ነፋሻማው እዚህ ላይ እውነቱን ነው። የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የቻይና ጦር ሰፈር ያለበት ትንሽ አገር ነው። ሁሉም ነገር ከውጭ ይገባል።

ገንዘብ፦ ዶላር በጥሬው ያዢ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የተሰፋ ነው፣ አንድ ዶላር 177.7 ፍራንክ፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ያው ነው። ልጆቼ "ምንዛሪ ጨመረ" የሚለውን ቃል የሚሰሙት አዲስ አበባ ስንደውል ብቻ ነው። አንድ ሺህ ፍራንክ አምስት ዶላር ከግማሽ አካባቢ ብለሽ ያዢው። ገበያው አጠገብ ትልልቅ ቦርሳ ይዘው የተቀመጡ መንዛሪ ሴቶች አሉ። አትፍሪያቸው። ብር ይዘሽ መጥተሽ እዚህ እመነዝራለሁ አትበይ፣ ትጎጃለሽ።

ታክሲ፦ አረንጓዴና ነጭ ነው፣ ቆጣሪ የለውም። ሳትገቢ ተስማሚ። ከመሸ በኋላ ዋጋው ይጨምራል፣ ይሄ ሌብነት ሳይሆን ልማድ ነው።

ውሃ፦ የቧንቧው ጨው ጨው ስለሚል የታሸገ ጠጡ። ለነገሩ እሱም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ከፊሉ ከኢትዮጵያ፣ ከሐዳጋላ በቧንቧ የሚመጣው የእናንተው ውሃ ነው። መብራቱም ከዚያው፣ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ከዚያው። እኛም ከዚያው።

ፎቶ፦ ወደብ፣ ወታደር፣ ድልድይ፣ የመንግሥት ሕንፃ አታንሺ። ሰውንም ሳትጠይቂ አታንሺ። ይሄን ከልቤ ነው የምልሽ።

ቪዛውን ቀድማችሁ ጨርሱ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱንም አትርሱ። የመድኃኒታቸውን የሐኪም ወረቀት ከእነ ማሸጊያው ያዢ። መድኃኒት እዚህ ዋጋው ያስደነግጣል።

የባቡረኛው የልጅ ልጅ

ሰባት ቁጥር፣ ምን ብዬ ላመስግንሽ። አንድ ነገር ልጨምር፣ እንዳትስቁብኝ። እናቴ "ዓሣ በጾም ቀን ይበላል ወይ?" ብላ ጠይቂያቸው ብላኛለች። ከሦስቱ ቀን አንዱ ረቡዕ ነው።

ሰባት ቁጥር

እሱን ከንስሐ አባታቸው ጋር ይጨርሱ፣ እኔን አታስገቡኝ 😄 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ግን እዚህ አለ፣ እሑድ ካለፋችሁ ይሳለሙ። የጾም በያይነቱም በየሐበሻ ምግብ ቤቱ አለ። ዓሣውን ለማክሰኞ አድርጉት።

እና ዓሣ ስል የየመን ዓሣ ማለቴ ነው። መሀሉ ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ እንደ ጉድጓድ ያለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ወርዶ ይጠበሳል። ላዩ ጥቁር፣ ውስጡ ነጭ። ከሱ ጋር ሰፊ ስስ ቂጣ ይመጣል፣ ትሪ ያክላል። በእጅ ነው የሚበላው። በመጨረሻ ሙዝና ማር ከቂጣ ጋር የተፈተፈተ ጣፋጭ አለ። ፍትፍት ለምን የእኛ ብቻ ይመስለን እንደነበር አላውቅም።

ጨው ያለው

አሳል ሐይቅን ሳታዩ ከተመለሳችሁ አልሄዳችሁም። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንገድ ላይ የጉቤትን ባሕር ሰላጤ ከላይ ሆናችሁ ታያላችሁ፣ ጥቁር ድንጋይና ሰማያዊ ውሃ። ከዚያ ወደ ታች መውረድ ነው፣ ጆሮ ድፍን ይላል። ሐይቁ ዳር ነጭ ነው፣ ከሩቅ በረዶ ይመስላል፣ ጨው ነው። ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። አፋሮች ከጥንት ጀምሮ ከዚያ ጨው እየጫኑ በግመል ወደ ደጋው ይወጡ ነበር።

አቤ ሐይቅ ደግሞ ይበልጣል ባይ ነኝ። ከመሬት የበቀሉ የኖራ ጭስ ማውጫዎች አሉ። የአዋሽ ወንዝ የሚያልቀውም እዚያው ነው።

ድሬ ልጅ ነኝ

አቤ ሐይቅ ማደር ይፈልጋል ወንድሜ። ያማረው ፀሐይ ስትጠልቅና ስትወጣ ነው። ለ66 ዓመት ሴት፣ በሦስት ሌሊት፣ ድንኳን ውስጥ? ተው እንጂ።

ጨው ያለው

እሺ አቤ ይቅር። አሳል ግን በግማሽ ቀን ያልቃል።

ሰባት ቁጥር

አሳል ይሆናል፣ ግን በማለዳ ተነስታችሁ ከ5 ሰዓት በፊት ከታች መውጣት አለባችሁ። ጥላ የለም፣ ሱቅ የለም። ጫማ ይልበሱ፣ ጨዉ እንደ ጠርሙስ ስብርባሪ ነው። ከመኪናው እስከ ነጩ ዳር ጥቂት እርምጃ ነው፣ ለጉልበታቸው አይከብድም። መኪናውን ከነሹፌሩ ሆቴላችሁ ይፈልግላችኋል፣ ወይ እኔ የማውቀው አለ፣ አማርኛ ይናገራል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ዋናተኛው

ማንም ዌል ሻርክ አላነሳም?! ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ አርታ ዳርቻ አካባቢ ይመጣሉ። በዓለም ትልቁ ዓሣ ነው፣ ሰው አይነካም። ጭንብል አድርጎ ጎኑ መዋኘት ነው። እኔ ለዚያ ብቻ ነበር የሄድኩት።

የባቡረኛው የልጅ ልጅ

እናቴን ከሐዋሳ ወደ ዌል ሻርክ በአንድ ዝላይ? 😂

ተሳቢ ሹፌር

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለማስፈራራት አይደለም። ወደ አሳልና ወደ ታጁራ በሚወስደው መንገድ ላይ በእግራቸው የሚሄዱ ልጆች ታያላችሁ። አንዳንዱ ጢም እንኳ አላወጣም። ግማሽ ሊትር ውሃ በእጁ፣ ነጠላ ጫማ። የእኛ ልጆች ናቸው። ወደ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ነው። እናትሽ ይደነግጣሉና አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ሁለት ካርቶን ውሃ ግዙና መኪናው ላይ ጫኑ። ሹፌሩን ቀስ እንዲል ንገሩት። እኔ ሁሌ ከኋላ ወንበር ሥር አላጣም።

ነፋሻማው

ይሄን አላውቅም ነበር። ዝም አልኩ።

የባቡረኛው የልጅ ልጅ (ጥር 22)

ተመለስን! ረጅም ነው፣ ሻይ ያዙ።

በባቡር ነው የሄድነው፣ ድሬ ላይ አድረን። እናቴ ከድሬ እስከ ድንበር ከመስኮቱ አልተነቀነቀችም። "ይሄ የኛ መስመር አይደለም፣ የኛው በዚያ በኩል ነበር" እያለች በጣቷ ታሳያለች። ነጋድ ጣቢያው ትልቅ ነው፣ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ፓስፖርት ላይ ወረፋ አለ፣ እሷ እንደሆነ ወንበር ስታገኝ ሰው ትተዋወቃለች። ወረፋው ሳያልቅ የሦስት ቤተሰብ ታሪክ ይዛ ወጣች። በሶማሊኛ! እናቴ ሶማሊኛ መቻሏን አውቅ ነበር፣ እንዲህ እንደምትችል ግን አላውቅም። 40 ዓመት አዲስ አበባ ስትኖር የት ደብቃው እንደነበር እንጃ። ከዚያ በኋላ እኔ ፌስታል ተሸካሚ ነበርኩ። ታክሲ የምትከራከረው እሷ፣ ዓሣ የምትመርጠው እሷ።

የመጀመሪያው ታክሲ ግን እሷ ሳትቀድመኝ እኔን ሸወደኝ። ከሚገባው እጥፍ ሳልከፍል አልቀረሁም። ማታ ለሰባት ቁጥር ስነግራት ሳቀች።

ጣቢያው። ታክሲ አስቁመን "የድሮው ባቡር ጣቢያ" ማለት ጠፋን። በሶማሊኛ ጀመረች፣ ሹፌሩ "ነጋድ?" አለ። "አይ፣ የድሮው።" ግራ ገባው። መጨረሻ ላይ ተናደደችና በአማርኛ "ለገሃር!" አለችው። ሰውየው ወዲያው "አህ፣ ላ ጋር!" (በፈረንሳይኛ ጣቢያው ማለት ነው) ብሎ ነዳ። ከንግዲህ ለገሃርን አልፌ ስሄድ ይሄንን ሹፌር ሳላስታውስ አልቀርም።

ስንደርስ ለካ አጥር ነው። ከውጭ ነው የምታዩት። እኔ ልቤ ተሰበረ፣ ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ የመጣነው አልኩ። ዘበኛው ገና ሲያየን እጁን አወዛወዘ፣ ፎቶ አይቻልም ለማለት ነው። እሷ ፎቶ አልፈለገችም። ወንበር ነው የጠየቀችው። ሰውየው ትንሽ አሰበና የራሱን የፕላስቲክ ወንበር አውጥቶ ጥላ ውስጥ አስቀመጠላት። ሃያ ደቂቃ ያህል ግድግዳውን እያየች ተቀመጠች። ምንም አላለችም። ስትነሳ "አባዬ ሁልጊዜ እዚህ ይሞቃል ይል ነበር፣ ውሸቱን አይደለም" አለች። ያ ነው። ሌላ ንግግር አልነበረም።

ማታ ላይ ምኒልክ አደባባይ ወጣን። ዛሬ ስሙ ከነጻነቱ ቀን ጋር ተያይዞ የጁን 27 (በፈረንጅ አቆጣጠር) አደባባይ ነው፣ ሰው ግን ምኒልክ ነው የሚለው። ነጫጭ ቅስት ያላቸው የድሮ ቤቶች ዙሪያውን ቆመዋል። እናቴ "ከዚራን ይመስላል" አለች፣ እውነቷን ነው። ከዚያ ሃሙዲ መስጊድን አየን፣ እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራ ነው፣ አጠገቡ ያለው ገበያ ሲመሽ ይደምቃል። ቴምር ገዛች። ሳሙናም ገዛች። የቱን ሳሙና እንደምትፈልግ ያወቀችው በጠረኑ ነው።

ባሕሩ። የመጀመሪያው ቀን ከተማው ውስጥ ያለው ዳርቻ ሄድን፣ ውሃው ሸሽቶ ጭቃ ብቻ። ለካ ባሕር ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም! በማግስቱ ወጣ ብሎ ያለው ኮር አምባዶ ሄድን። ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። እጇን ነክራ ቀመሰችው። ፊቷ ተኮማተረ። ከዚያ ዞራ አየችኝና "እሺ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ነው" አለች። 15 ዓመት የተከራከርንበት ጉዳይ እዚያ አለቀ።

አሳል። ድሬ ልጅ፣ ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ ነው ብለህ ነበር፣ እሱን በደንብ ተጠንቅቄ ነበር። የመኪናው ሹፌር ግን አማርኛ ይናገራል። በጠራ አማርኛ "በስድስት ሰዓት እመጣለሁ" አለኝ። አማርኛ ከተናገረ ሰዓቱም የእኛ ነው ብዬ አሰብኩ፣ "እንዴት በቀትር ይሄዳል?" ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሩ ሲንኳኳ እኔ ፒጃማ ላይ ነኝ። እናቴ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ውሃዋን ይዛ ተቀምጣለች። "እኔ መቼም ገብቶኝ ነበር" አለች። ለምን አልነገርሽኝም ስላት "ትተኚ ብዬ።"

ሐይቁን እንዳላችሁት ነው፣ አልደግመውም። ጨው ያለው፣ በረዶ ያልከው ልክ ነህ። አንድ የአፋር ልጅ ክብ ክብ የጨው እንክብሎች ይሸጣል፣ ሐይቁ ራሱ ያድቦለቦላቸው ይመስላሉ። እናቴ ከሱ እንክብሉን ገዛች፣ በላዩ ላይ ከመሬቱ አንድ ፌስታል ጨው ለቀመች።

ተሳቢ ሹፌር፣ ሁለት ካርቶን ውሃ ገዝተን ነበር። ጋሼ፣ አልበቃም። ስንሄድ አላየናቸውም፣ ስንመለስ አየናቸው። እናቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ውሃ ሰጠቻቸው። ሁለተኛው ቡድን ጋ ስንደርስ ወርዳ አነጋገረቻቸው። በኦሮምኛ ነበር፣ ሁሉንም አልያዝኩትም። አንዱን "እናትህ ታውቃለች?" ብላ ጠየቀችው። ልጁ መሬት መሬት አየ። ከዚያ በኋላ እስከ ከተማው ድረስ አልተናገረችም። ማታ ዓሣውም ቀረ፣ አልበላ አላት። በማግስቱ፣ ልንመለስ ስንል ነው የበላነው። ሰባት ቁጥር፣ ዓሣው እንዳልሽው ነው፣ ሙዙ ግን ከዓሣው ይበልጣል።

የተሳሳትኩት፦ ብዙ ልብስ ያዝኩ። የጸሐይ ባርኔጣ ረሳሁ። ወደ ደሴቶቹ፣ ወደ ሙሻ፣ በጀልባ ልሂድ ብዬ ሦስተኛውን ቀን አጣበብኩት፣ ነፋሱ በረታ፣ ሳንሄድ ቀረን። እንኳን ቀረን። እናቴ ያን ጠዋት ሰባት ቁጥር ቤት ቡና ስታፈላ ዋለች።

ሰባት ቁጥር

እማማ ዕጣኔን ሙልጭ አድርገው ጨርሰውልኝ ሄዱ። ይምጡ፣ ሌላ እገዛለሁ። የካርቲዬ ሰባት ሴቶች አሁንም "እናትየዋ መቼ ትመጣለች?" ይሉኛል።

ተሳቢ ሹፌር

የልጁን ነገር ሳነብ መኪናዬን ዳር ይዤ ቆምኩ። እናትሽን እጅ ንሺልኝ።

ድሬ ልጅ ነኝ

ዘበኛው ወንበር ማውጣቱ! ይሄ ነው ጅቡቲ።

ነፋሻማው

እሺ፣ ተሸነፍኩ። አንድ ጥያቄ፦ የካቲት መጨረሻ ላይ ብሄድስ? ሙቀቱ እንዴት ነው?

ሰባት ቁጥር

የካቲት ይቻላል፣ ግን የዓመቱን አቆጣጠር አይተህ ከረመዳን ጋር እንዳይገጥምብህ። ከገጠመ ቀን ቀን ምግብ ቤት ዝግ ነው፣ ከተማው የሚነሳው ከመግሪብ በኋላ ነው። ዌል ሻርኮቹም ሄደዋል። ሚያዝያ ካለፈ ግን አትምጣ፣ ኋላ እኔን ነው የምትወቅሰው።

ጨው ያለው

ያ የፌስታል ጨው ግን የት ደረሰ?

የባቡረኛው የልጅ ልጅ

ትናንት ሽሮው ውስጥ ጨመረችው። ጨው በዛበት። አክስቴም መጥታ ነበር፣ ማንም ደፍሮ አልተናገረም፣ ሁላችንም በላነው።